ሦስት ስም ያለው የገላነሽ ሸሪክ

ወረታ ውስጥ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገላነሽ የምትባል የሩዝ መፈልፈያ ያላት ሴት አለች። ከተማው የሚያውቃት ግን በመፈልፈያዋ ሳይሆን በክምሯ ነበር። የፎገራ ሜዳ ገበሬ ሩዙን አምጥቶ ያስፈለፍላል፤ ነጩን ሩዝ ጭኖ ይሄዳል፤ ገለፈቱን ጥሎላት ይሄዳል። ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ ክምሩ ከቤቷ ጣራ በለጠ። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ገለፈቱ እየበረረ የጎረቤት ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ከተሰጣ በርበሬ ጋር ይደባለቃል፤ አንድ ጊዜማ በሙሽራ መኪና መስኮት ገብቶ ሙሽራዋ ከነቬሏ እያስነጠሰች ቤተ ክርስቲያን ደርሳለች። ቃል ኪዳን ስትገባ "እሺ" ማለቷ ይሁን ማስነጠሷ እስከ ዛሬ አልተለየም።

"ኧረ ይህን ነገር አንሺልን!" ይሏታል ጎረቤቶቿ።

"ወዴት ላንሣው? ሰማይ ላይ አልሰቅለው!" ትላለች።

ባሏ ደሳለው ዝምተኛ ገበሬ ነው። ስለ ክምሩ ሲጠየቅ ቀና ብሎ ያየውና "አድጓል" ብሎ ወደ ማሳው ይሄዳል።

እንዲህ እያለች ስትኖር፣ አንገቱን ፀሐይ ያቀላው አንድ ረዥም ሆላንዳዊ ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ ክምሩ ሥር ቆመ። ዮሪስ ይባላል። ስለ ሩዝ ሊያጠና መጥቶ ሜዳው ላይ የከረመ ሰው ነው። አማርኛም ይናገራል። ችግሩ፣ አማርኛውን የለቀመው ሩዝ ከሚያበጥሩ ሴቶች አፍ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የሚለው። ደሳለውን "አንቺ ደሳለው፣ እንዴት አደርሽ?" ሲለው፣ ደሳለው ዘወር ብሎ ከኋላው የቆመች ሴት ይፈልጋል።

ዮሪስ በሁለት እጁ ገለፈት ዘገነ። "ገላነሽ፣ ይሄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ጉንፋን ነው" አለችው።

"አይደለም! እሳት ነው! ይሄ ተጨምቆ ከሰል ይሆናል። እኔ ማሽን አመጣለሁ፤ አንቺ ቦታና ገለፈት አለሽ። አብረን እንሥራ።"

ገላነሽ ክምሩን ቀና ብላ አየችው። ስንት ዓመት ያሳፈራት ነገር ድንገት የሚያኮራ ንብረት መስሎ ቆመ። "እንሥራ!" አለች።

ነገሩ ግን በ"እንሥራ" ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። ለውጭ አገር ሰው የኢንቨስትመንት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከፈቃዱም ጋር ሁለቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም አለባቸው። ገላነሽ ይህን ረዥም ስም በቃሏ ለመያዝ ቀኑን ሙሉ ስታነበንብ ዋለች፤ ጎረቤቷ ብርክቲ ደግሞ ባጥሩ በኩል ስትሰማ ዋለች።

"ማኅበር ገባሽ አሉ?" አለች ብርክቲ ማታ ላይ እንሥራዋን እንደተሸከመች። "የማን ነው? የሚካኤል ነው የእመቤታችን?"

"የገለፈት ነው።"

"በስመ አብ!" አማተበች ብርክቲ። "ወሩ በገባ በስንት ነው የሚዘከረው?"

"አይዘከርም እቴ! የሥራ ነው። የግል ማኅበር ይባላል።"

ብርክቲ እንሥራዋን አወረደች። "ማኅበር ደግሞ የግል ይሆናል? ጠላውን ጠምቀሽ፣ ዳቦውን ደፍተሽ፣ በርሽን ዘግተሽ ብቻሽን ልትጠጪው ነው?"

ወሬው በነጋታው ከቅኔ መምህሩ ከመሪጌታ ባምላክ ዘንድ ደረሰ። መሪጌታ ደግሞ ያልመረመሩት ነገር በደብራቸው አካባቢ እንዲያልፍ አይወዱም። ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጭራቸውን ይዘው ገላነሽ ቤት መጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

"ይህ ማኅበር፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው አሉኝ" አሉ። "ለምን ተወሰነ? ሰው ኃላፊነት ከወሰደ ሙሉውን ይውሰድ እንጂ! እኔ ኃላፊነቴ የተወሰነ መምህር ነኝ ብል ማን ልጁን ይሰጠኛል?"

"የኔታ፣ ሕጉ ነው እንዲህ የሚለው" አለች ገላነሽ።

በዚህ መሀል ዮሪስ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቶ፣ "አንቺ የኔታ! ደህና ነሽ?" አላቸው።

የመሪጌታ ጭራ አየር ላይ ቀረች። ገላነሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ዮሪስን ጎትታ ወደ ጓሮ ወሰደችውና "እርስዎ! እርስዎ ነው የሚባለው! ደህና ነዎት በል!" እያለች እንደ ዳዊት ደጋሚ አስጠናችው። እሱም ትጉህ ተማሪ ነበረና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁሉንም ሰው "እርስዎ" ማለት ያዘ። ሰውን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። የገላነሽ ውሻ ሲጮህበት "እርስዎ፣ እባክዎ ይሂዱ" ሲለው፣ ውሻው እንዲህ ተከብሮ ስለማያውቅ ግራ ገብቶት ጭራውን ቆልፎ ተቀመጠ።

መሪጌታም ይቅር አሉት። ከዚያ ወደ ዋናው ምርመራ ገቡ።

"ለመሆኑ ዮሪስ ማለት ባገርህ ቋንቋ ምን ማለት ነው?"

"ጊዮርጊስ ማለት ነው" አለ ዮሪስ።

መሪጌታ ከመደቡ ብድግ አሉ። "እስቲ ድገመው!"

"ጊዮርጊስ። አያቴም ጊዮርጊስ ነበሩ።"

"የቤተ ሰብህስ ስም?"

"ደ ቡር። ገበሬው ማለት ነው።"

መሪጌታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ጊዮርጊስ ራሱ ትርጓሜው ገበሬ ማለት ነው እኮ! ገበሬ ሲሆን እንደገና ገበሬው! ሁለት ጊዜ ገበሬ የሆነ ሰው ፎገራ ካልመጣ ወዴት ይሄዳል?" ብለው መረቁት። ከዚያ ወዲያ መሪጌታን ከዮሪስ ጎን የሚለያቸው ጠፋ። ቦታው የገላነሽ እንደሆነና ዮሪስም እዚያው እንደሚኖር የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ሊያወጡ ሲሄዱ፣ ምስክር ልሁን ብለው አብረው ሄዱ። ጸሐፊው "የውጭ ዜጋው ስም ማን ልበል?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ዮሪስ አፉን ሳይከፍት መሪጌታ ቀደሙት።

"ጊዮርጊስ ገበሬው ብለህ ጻፍ።"

ጸሐፊው ጻፈ። ገላነሽ ደብዳቤውን አነበበችው፤ ውብ ስም መስሎ ታያት እንጂ ሌላ ነገር አልታያትም።

*

ባሕር ዳር የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ገላነሽ የበዓል ቀሚሷን ለበሰች፤ ዮሪስ ኮቱን ለበሰ። ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ዮሪስ ቆሎ የምትሸጠውን ልጅ እግር "እርስዎ" ብሎ ጠርቷት ልጅቱ ቆሎውን ጥላ ልትሮጥ ትንሽ ቀራት።

ኢንቨስትመንት ቢሮ ውስጥ ጉዳያቸውን የያዘችው ባለሙያ መስከረም የምትባል፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታሳርፍ፣ ፈጣን ወጣት ነበረች። በመጀመሪያ የማኅበሩን ስም ጠየቀች።

"ጣና" አለች ገላነሽ በኩራት።

መስከረም ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና "ተይዟል" አለች።

"ጉማራ ይሁን።"

"ተይዟል።"

"ርብ!"

"እሱም ተይዟል።"

"ኧረ ወንዙን ሁሉ ማን ወሰደው?" አለች ገላነሽ። ዮሪስ በበኩሉ "አረንጓዴ ተስፋ" አለ፤ እሱ ደግሞ መያዙ ብቻ ሳይሆን ተመሳሳዩም ስለበዛ መስከረም በሳቅ ፈነዳች። ገላነሽ ተናደደች። "እንግዲያው ገለፈት በይው!"

መስከረም ፈለገች። እንደገና ፈለገች። "ይሄን ማንም አልወሰደውም።"

"ማን ይወስደዋል?" አለች ገላነሽ። "ስንት ዓመት ሙሉ ነፋስ እንኳን ወስዶ አልጨረሰው!"

ስለዚህ ማኅበሩ ገለፈት ተባለ። ገላነሽ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነጠላዋን ስታስተካክል፣ መስከረም ወረቀቶቹን እያገላበጠች ግንባሯን ቋጠረች።

"ወይዘሮ ገላነሽ፣ ሸሪኮችዎ ስንት ናቸው?"

"አንድ።"

"እዚህ ላይ ግን ሦስት ናቸው።"

ገላነሽ ዞር ብላ ዮሪስን አየችው። አንድ ነው።

መስከረም ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። "የፓስፖርቱ ትርጉም ዮሪስ ደ ቡር ይላል። መጀመሪያ አገራችን ሲገቡ የተሰጠው ፈቃድ ደግሞ ጆሪስ ዲ ቦየር ይላል። ይሄኛው የቀበሌ ደብዳቤ..." መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች። "አቶ ጊዮርጊስ ገበሬው። እኚህ ሰውዬ የወረታ ሰው ናቸው?"

"እኔ ነኝ" አለ ዮሪስ እጁን አንሥቶ።

"ጆሪስስ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዮሪስስ?"

"እሱም እኔ ነኝ" አለ ዮሪስ፤ በዚህ ጊዜ ግን ራሱም መጠራጠር የጀመረ ይመስል ነበር።

መስከረም ክፉ ሰው አልነበረችም። "ዮሪስና ጆሪስ የአነባበብ ነገር እንደሆነ ይገባኛል" አለች። "ይህ ጊዮርጊስ ገበሬው ግን ከየት መጣ? ፋይሉን የሚያየው ሌላ ሰው፣ ፈረንጅ ሁለት፣ ያገር ገበሬ አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው። ስሙን ያስጻፉት ሰው እዚህ መጥተው፣ ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን በፊርማቸው ያረጋግጡልኝ።"

ገላነሽ ወደ ወረታ ተመለሰች። ቤት ገብታ ለደሳለው ስትነግረው፣ ደሳለው ዶማውን አስቀምጦ ብዙ አሰበ።

"ሦስት ጊዜ ይግባላት" አለ በመጨረሻ። "አንዴ ኮት ለብሶ። አንዴ ጋቢ ለብሶ። አንዴ በብስክሌት።"

ደሳለው ከገላነሽ ጋር ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ዮሪስማ ሐሳቡን ወዶት ጋቢ ፍለጋ ተነሥቶ ነበር። ለአፍታ ያህል ገላነሽም አማራት፤ ከዚያ ግን የመስከረም መነጽር ታያት።

"ሂዱ ወዲያ!" አለች። "ማኅበሩ ገና ሳይወለድ በውሸት ይጠመቅ? የኔታን ይዤ እሄዳለሁ።"

*

መሪጌታ ባምላክ ባሕር ዳር የገቡት እንደ ጥምቀት ታቦት አጃቢ በክብር ነው። መስከረም ወንበሯን ለቀቀችላቸው፤ ውሃ አመጣችላቸው፤ "አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለቻቸው። ከዚያ ያዘጋጀችውን ቃል አነበበችላቸው።

"እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው፣ ዮሪስ፣ ጆሪስና ጊዮርጊስ፣ ሦስቱም አንድ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ።"

መሪጌታ ያነሡትን ብዕር መልሰው አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ይህን አልፈርምም።"

"ምነው አባቴ? አንድ ሰው አይደሉም እንዴ?"

"አንድ ሰው ነው። ግን ሦስት ሲሆኑ አንድ፣ አንድ ሲሆኑ ሦስት የሚባልለት ለሥላሴ ብቻ ነው። ለፍጡር፣ ያውም ከሰል ሊሠራ ለመጣ ፍጡር፣ ይህን ቃል ፈርሜ በማን ፊት እቆማለሁ?"

ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ባለጉዳዮች አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ሊከፍት የመጣ ወፍራም ሰውዬ "እውነታቸውን ነው፤ ለፍጡር አይባልም" አለ። ሌላው "ወረቀት ላይ እኮ ነው!" አለ። "ወረቀት ላይ ሲሆን አይብስም?" አለ ወፍራሙ። ክርክሩ ኮሪደሩን ይዞ እስከ ደረጃው ወረደ።

መስከረም ላብ ላብ አላት። "እሺ አባቴ፣ እንለውጠው። 'አንድ ሰው ሲሆን፣ ስሙ በስህተት ሦስት ዓይነት ተጽፏል' ብንልስ?"

መሪጌታ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "በስህተት? የተሳሳተው ማን ነው?"

"ለምሳሌ ጊዮርጊስ ገበሬው የሚለውን ያስጻፉት..."

"እኔ ነኝ! ተርጉሜ ነው ያስጻፍሁት። ስም መተርጎም ስህተት ከሆነ ያስተማሩኝ ሁሉ ተሳስተዋል ማለት ነው። ይህንንም አልፈርምም!"

ገላነሽ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ራሷን ያዘች። ሦስቱ አንድ ናቸው ቢባል ኑፋቄ ሆነ፤ ተሳስቷል ቢባል ስድብ ሆነ። ዮሪስ ሊያስታርቅ ፈልጎ ብድግ አለና "እርስዎ ሁላችሁም ልክ ነዎት" አለ፤ ማንም ግን አልሰማውም። የምሳ ሰዓት ደረሰ። ገላነሽ ክምሯን አሰበች። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ ያን ሁሉ ወንዝ ተከልክላ፣ በመጨረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትወድቅ ነው።

ገላነሽ ያደገችው ይፋግ አጠገብ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። ከብት ስታግድም፣ ገብስ ስትፈትግም፣ ከአጥሩ ወዲያ ተማሪዎች ትርጓሜ ሲቀጽሉ ትሰማ ነበር። ከሚሉት ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ቀርታለች፤ እሷም አንድ ምሥጢር ተፈትቶ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ የሚሏት ናት።

"የኔታ!" አለች ተነሥታ። "አንድም ይበሉታ!"

ወፍራሙ ሰውዬ አንገቱን ይበልጥ ወደ ውስጥ አስገባ።

"እርስዎ ለደቀ መዝሙርዎ አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ሲኖረው ምን ብለው ነው የሚያስተምሩት? አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ አይደል? ማን ተሳሳተ ይባላል? ማንም! እንግዲህ የዚህንም ሰውዬ ስም እንዲያው ያድርጉልኝ!"

የመሪጌታ ፊት እንደ ንጋት ቀስ ብሎ በራ። ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ። መስከረም ግን ብዕሯን እንደያዘች ተጠራጠረች። "አንድም ማለት... በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይገባል?"

"'አንድ' የሚል አለበት እኮ የኔ ልጅ" አለች ገላነሽ። "አንድ እንዲሆንልሽ አይደል የፈለግሽው?"

መስከረም ይህን ስትሰማ መነጽሯን አወለቀችና ሳቀች። "ይበሉ አባቴ፣ እጽፋለሁ።"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዜማ ሊሉት ምንም ያህል ሳይቀራቸው አስጻፉ። "ይህ ሰው አንድ ሰው ነው። ስሙ አንድም ዮሪስ ነው፣ ባገሩ አፍ፤ አንድም ጆሪስ ነው፣ በሌላ አገር ንባብ፤ አንድም ጊዮርጊስ ገበሬው ነው፣ በምሥጢሩ።"

ኮሪደሩ ሁሉ "ይበል!" አለ። ወፍራሙ ሰውዬ አጨበጨበ።

"አንድም" ቀጠሉ መሪጌታ ሞቅ ብሏቸው፣ "ጊዮርጊስ ኮከብ ብሩህ ማለት ነው..."

"የኔታ በቃ!" አለች ገላነሽ እጃቸውን ይዛ። "አራተኛ ሸሪክ እንዳይመጣብኝ!"

መሪጌታም ፈረሙ። ፊርማቸው ረዥምና ጌጠኛ ስለነበር የገላነሽ ፊርማ ከሥሩ ተጨንቆ ገባ። ዮሪስም ፈረመ፤ መስከረም ማን ብሎ እንደሚፈርም ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና፣ በፓስፖርቱ ስም መሆኑን አይታ ተነፈሰች።

*

ፈቃዱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጣ። ማሽኑ ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደረሰ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የፎገራ መሬት ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው። ማሽኑን የጫነው መኪና ከአስፋልቱ ወርዶ ገላነሽ ግቢ ሳይደርስ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሾፌሩ ተሳደበ፤ ዮሪስ በእርጋታ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ሒሳብ ሠራ፤ ደሳለው ግን ሁሉንም ዝም ብሎ አይቶ ሄደና በሬዎቹን ይዞ ተመለሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ "በርታ! ሳበው!" ሲል፣ ብርክቲም ከኋላ እየገፋች ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ መኪናው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ።

የመጀመሪያው ምርት አላማረም። ዮሪስ ጭመቃውን አብዝቶት ከሰሉ ከመጥከሩ የተነሣ አልነድ አለ። ገላነሽ ግማሽ ክብሪት ፈጀችበት፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ደሳለው አንዱን አንሥቶ መዘነና የአልጋውን አጭር እግር ደገፈበት፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውሃው በዝቶበት እጅ ላይ ፈረሰ። ሦስተኛው ላይ ግን ገላነሽ ራሷ እንደ ሊጥ በእጇ እያየች ለካችው። ያ ነደደ። ቀይ ሆኖ፣ ሰማያዊ ነበልባል እየላከ፣ አንድ ጀበና ውሃ ብቻ ሳይሆን ሙሉ የሩዝ ድስት አፍልቶ አበሰለ። ዮሪስ ለእሳቱ "እግዜር ይስጥዎ" አለው።

በሳምንቱ ገላነሽ ከሰሏን በአህያ ጭና ይፋግ ገበያ ወጣች። የመጀመሪያዋ ገዢ አረቄ የሚያወጡ አሮጊት ነበሩ። አንዷን ፍሬ አነሡ፤ አሸተቱ፤ በጥርሳቸው ነከሱ።

"ይነድዳል?"

"እንዴታ እማማ! እዚሁ አነድድልዎታለሁ" አለች ገላነሽ። በያዘችው ምድጃ አነደደችላቸው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው እሳቱን በጥርጣሬ መረመሩት።

"ጭሱስ?"

"ጭስ የለውም እማማ። ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው።"

"ጭስ ከሌለው አረቄ እያወጣሁ መሆኔን ጎረቤት በምን ያውቃል? ማን ሊቀምስ ይመጣል?" አሉ ሴትዮዋ። ቢሆንም አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገዝተው፣ ለሚቀጥለው ገበያ ጭስ ያለው እንድታመጣላቸው አደራ ብለዋት ሄዱ።

ገላነሽ ወረታ ስትመለስ አህያዋ ባዶዋን ነበረች። ዮሪስ ማሽኑን ሲጠርግ አገኘችውና ፊቷን ኮስተር አድርጋ "ደንበኞቻችን ጭስ ጨምሩበት ብለዋል" አለችው። ዮሪስ የምሯን መስሎት መጥረጊያውን አስቀመጠና፣ አገጩን ይዞ፣ ከየት ጭስ እንደሚገኝ በትጋት ማሰብ ጀመረ። ደሳለው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየው ነበር። መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ፤ ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ መታገሉን ተወና መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ ሳቀ።